የዶሮ ፖት ፓይ ለፍሪዘር፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ባለፈው እትም ለአራስ ቤት ስለሚወሰድ ምግብ ስጽፍ የዶሮ ፖት ፓይን በአንድ መስመር ነክቼ አልፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው። ለማያውቀው ሰው፦ ዶሮ፣ ካሮት፣ አተርና ሽንኩርት ወፈር ባለ ነጭ መረቅ ይሠራል፣ ላዩ በቅቤ ሊጥ ይከደንና ኦቨን ውስጥ ይጋገራል። የአሜሪካኖች የቤት ምግብ ነው፣ በርበሬ የለውም። ልጆቻችን ትምህርት ቤትና ጓደኛ ቤት ቀምሰውት ይመጡና «ሥሪልን» ይላሉ። እኔ የምወደው ግን አንድ እሑድ ከሰዓት ተሠርቶ ፍሪዘር ከገባ ለሁለት ሦስት ወር ቤቱን ስለሚያግዝ ነው። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከሱቅ የቀዘቀዘውን እየገዙ የሚበሉት ለዚሁ ነው። ከደብዳቤዎቹ መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የነርስ ረዳት ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ደብል ሺፍት ነው የምሠራው። ልጆቼ ከሱቅ የሚገዛውን የቀዘቀዘ ፖት ፓይ ይወዱታል፣ እኔን ግን ጨውም ዋጋውም አስመረረኝ። ራሴ ብዙ አድርጌ ሠርቼ ፍሪዘር ከተትኩት። ሲጋገር ሥሩ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ቀረ፣ ውስጡም ውሃ አወጣ። ጋግሬ ነው ማቀዝቀዝ ያለብኝ ወይስ ጥሬውን? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሊጡ ጥሬ፣ ውስጡ ግን ሙሉ በሙሉ የበሰለ ሆኖ ነው ፍሪዘር የሚገባው። ጋግረሽ ካቀዘቀዝሽው ሁለተኛ ስታሞቂው ሊጡ ወይ ይደርቃል ወይ ይላላል። ጥሬ ሊጥ ግን ከፍሪዘር ወጥቶ ቀጥታ ኦቨን ሲገባ ያን ዕለት የተሠራ ያህል ይነሣል።

አንቺ ጋ ምን እንደተበላሸ ከጻፍሽው መገመት ይቻላል። ውስጡን ገና ትኩስ እያለ ሊጡ ላይ ገልብጠሽው ይሆናል። ትኩስ ነገር ሊጡ ውስጥ ያለውን ቅቤ ያቀልጠዋል፤ ቅቤው ግን መቅለጥ ያለበት ኦቨን ውስጥ ነው፣ እዚያ ሲቀልጥ በውስጡ ያለው ውሃ ተን ሆኖ ሊጡን ንብርብር አድርጎ ያነሣዋል። ቀድሞ ከቀለጠ ዱቄቱ ይመጠዋል፣ አለቀ። እንፋሎቱም ሊጡ ሥር ይጠራቀምና ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ሲጋገር ደግሞ ያ በረዶ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ቅዝቃዜ ነው። ሊጡም ይቀዝቅዝ፣ ውስጡም ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይገናኙ።

ሌላው፣ የሥሩን ሊጥ ተዪው። ለፍሪዘር የሚሠራ ፖት ፓይ ላዩ ብቻ ሊጥ ቢኖረው ይበቃል ባይ ነኝ። ከሥር ያለው ሊጥ ላዩ በረዶ የሆነ ምግብ ተጭኖት ስለሚገባ ሳይበስል ይቆያል፤ የላዩ ሲያር የሥሩ ገና ነጭ ነው። ልጆቹ የሥሩንም ካልበላን ካሉ ሊጡን ለብቻው ትንሽ ጋግረሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከዚያ መሙላት ይቻላል፣ ግን ደብል ሺፍት ለሚሠራ ሰው ያን ልፋት አልመክርም።

ልኩ ይኸውልሽ። ይህ ለስድስት ትንንሽ የአሉሚኒየም ሳህን ይሆናል፣ አፋቸው አምስት ኢንች ገደማ የሆኑት፣ በጥቅል የሚሸጡት። ለሊጡ 300 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ማለት ሁለት ኩባያ ተኩል፤ 225 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ እዚያ አሜሪካ ሁለት ስቲክ የሚባለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ከስድስት እስከ ስምንት የሾርባ ማንኪያ በረዶ የገባበት ውሃ። ቅቤው ከፍሪጅ እንደወጣ በትንንሹ ተቆርጦ ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ ይፈተጋል። ፈተግ ፈተግ አድርገሽ ተዪው፣ የአተር ፍሬ የሚያካክል የቅቤ ጓል ዱቄቱ ውስጥ መታየት አለበት። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግሽ ጨምሪ፣ በእጅሽ ስትጨብጪው ከተያያዘ ይበቃዋል። ማሸት የለም። እጃችን ሊጥ ሲያገኝ ማሸት ይወዳል፣ ድፎ ዳቦ አስለምዶናል፣ እዚህ ግን የታሸ ሊጥ ሲጋገር ጎማ ይሆናል። በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፊው።

ለውስጡ ደግሞ 115 ግራም ቅቤ፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሦስት ካሮትና ሁለት አገዳ ሰለሪ፣ ሁሉም ደቀቅ ብለው የተከተፉ፤ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት ኩባያ የዶሮ መረቅ፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ አራት ኩባያ በስሎ የተቦጫጨቀ የዶሮ ሥጋ፣ አንድ ኩባያ ተኩል የቀዘቀዘ አረንጓዴ አተር፣ ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ። ዶሮው ከሱፐርማርኬት ተጠብሶ የሚሸጠው ቢሆን ምንም ነውር የለውም፣ የዕለቱን ሥራሽን በግማሽ ያቀልልሻል። ጨው ግን መጨረሻ ላይ ቀምሰሽ ነው፤ የተጠበሰው ዶሮም የሱቅ መረቅም ጨው አላቸው፣ አንቺን ያስመረረሽም እሱ ነው።

ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ሰለሪውን በቅቤው አለስልሺ፣ እንዳይቀላ። ካሮቱ ሹካ ሲነካው እሺ እስኪል ድረስ ታገሺው። ዱቄቱን ነስንሰሽ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስዪ፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው ይሂድ። መረቁን በጥቂት በጥቂቱ፣ እጅሽ ከማማሰል ሳያርፍ፤ ወተቱ ለጥቆ። የእንጨት ማንኪያውን ድስቱ ሥር ሰንጠቅ ስታደርጊው መንገዱ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ቆይቶ ከተዘጋ፣ በቅቷል። ወዲያው ከሚበላው ትንሽ ወፈር ይበል፣ ምክንያቱም አትክልት በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ውሃ ይለቃል። ለማወፈሪያ ኮርንስታርች አትጠቀሚ፤ በእሱ የወፈረ መረቅ ከፍሪዘር ሲወጣ ውሃው ለብቻው ይለያል፣ ያንቺም ውሃ ያወጣው በእሱ ሊሆን ይችላል። ዶሮውን ጨምረሽ አንዴ ገንፈል ካለ አውርጂው። አተሩ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ከነበረዶው ይግባ። ድንች ብትተዪው ይሻላል፣ ፍሪዘር ድንችን ያሻክረዋል፣ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል።

አሁን ማቀዝቀዝ። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ አታስገቢው፣ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባውም እዚያው ነው፣ ከ40 እስከ 140 ፋራናይት ባለው መካከል። ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጊው፣ እንፋሎቱ ሲበርድ ፍሪጅ ይግባ። ከእሳት ከወረደ ሁለት ሰዓት መሙላት የለበትም፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ለበሰለ ምግብ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ትሪውን ከሥር በእጅሽ ስትነኪው ቅዝቅዝ ካለ ሳህኖቹን ሙዪ፣ ከጠርዙ ትንሽ ጎደል ይበሉ። ሊጡን ዳምጠሽ ከሳህኑ አፍ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ፣ ክደኚ፣ ዙሪያውን በሹካ ተጫኚው። እንቁላል አትቀቢ፣ ቢላም አታሳርፊበት፣ ሁለቱም የመጋገሪያው ዕለት ሥራ ናቸው። ክፍቱን ትሪ ላይ ደርድረሽ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆኑ ጠብቂ። ከዚያ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልዪ፣ በላዩ ፎይል ድገሚ። አየር ካገኘው ሊጡ ይደርቃል፣ የሌላ ምግብ ሽታም ይስባል፤ በየቤታችን ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ በርበሬና ንጥር ቅቤ አይጠፋም። ፎይሉ ላይ የሠራሽበትን ቀን ጻፊ። ፍሪዘሩ ዜሮ ፋራናይት ከሆነ ምግቡ አይበላሽም፣ ጣዕሙ ግን ከሦስት ወር ወዲያ እየወረደ ይሄዳል።

ስትጋግሪ አታቅልጪው። ማታ አውጥቶ ማሳደር የሚባል ነገር የለም፣ ከቀለጠ ሊጡ ይልፈሰፈሳል። ኦቨኑን 400 ፋራናይት አግዪ፣ የብረት ትሪም አብሮ ይጋል። ፕላስቲኩን አውልቂ፣ ሊጡን በተመታ እንቁላል ቀቢ፣ መሐሉን በስለታም ቢላ ሦስት አራት ቦታ ሰንጥቂ፣ ትኩሱ ትሪ ላይ አስቀምጪ። ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፣ የየቤቱ ኦቨን ይለያያል። ላዩ ቀድሞ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጊበት። በስንጥቁ በኩል መረቁ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ደርሷል ማለት ነው፣ ግን በዓይን ብቻ አትመኚ፤ የምግብ ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ተክለሽ 165 ፋራናይት መድረሱን እዪ። አሥር ደቂቃ ሳያርፍ ለልጅ አይሰጥም፣ ውስጡ ያቃጥላል።

አንድ ነገር አደራ። በመስታወት ሳህን ካቀዘቀዝሽ ከፍሪዘር አውጥተሽ ቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ አታስገቢ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ለዚህ ሥራ ቀጭኑ የአሉሚኒየም ሳህን ነው ደህናው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። መኪናው ውስጥ ትንሽ ፍሪዘርና ማይክሮዌቭ አለኝ። ባለቤቴ ፖት ፓይ ሠርታ ብታስይዘኝ በማይክሮዌቭ ይበስላል? የመንገድ ዳር ምግብ ሰልችቶኛል። (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ጥሬ ሊጥ ያለበት ፓይ በማይክሮዌቭ አይሆንም ወንድሜ። ማይክሮዌቭ እኩል አያሞቅም፣ ዳር ዳሩ ሲፈላ መሐሉ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ሊጡም አይጋገርም፣ ይቀቀላል። ነገሩ የጣዕም ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣ የቀዘቀዘ ፖት ፓይ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ በብዙ ግዛቶች ሰው ታሞበታል፣ ፓዩም ከገበያ ተሰብስቧል። ከታመሙት አብዛኞቹ ያበሰሉት በማይክሮዌቭ ነበር። የማይክሮዌቭ ኃይል ይለያያል፤ ካርቶን ላይ የተጻፈ ደቂቃ ለአንዱ ሲበቃ ለሌላው አይበቃም፣ መኪና ውስጥ የሚገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቅማቸው አነስ ያለ ነው።

ላንተ የሚሻለው ሁለቱን መለየት ነው። ባለቤትህ ውስጡን ብቻ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ሰው እያደረገች፣ ማይክሮዌቭ በሚችል ክዳን ባለው ዕቃ ታቀዝቅዝልህ። በአሉሚኒየም ሳህን አይሁን፣ ብረት ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም። ሊጡን ደግሞ በክብ በክብ ቆርጣ ለብቻው ቤት ውስጥ እስኪቀላ ትጋግረው፣ በደንብ ሲበርድ አየር በማያስገባ ዕቃ ታስይዝህ፤ ለጥቂት ቀን ያለ ፍሪጅም ይቆያል። ስትራብ ውስጡን ታሞቃለህ፣ በመሐል አውጥተህ ታማስላለህ፣ እንደገና ታሞቃለህ፣ ሁለት ደቂቃ ታሳርፈዋለህ፣ ከዚያ ክቡን ሊጥ ላዩ ላይ። በሹካ ስትነካው ይሰበራል፣ ማይክሮዌቭ የገባ ሊጥ እንዲህ አይሆንም። ትንሽ የምግብ ቴርሞሜትር ከመኪናው አይጥፋ። ያንተም ቁጥር ያው 165 ነው። የመኪናው ፍሪዘር ሞተር ጠፍቶ ሲታደር መሥራቱን ማረጋገጥም አለብህ፤ ጠዋት ቀልጦ ለብ ብሎ ካገኘኸው አትብላው።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ የጠረጴዛ ላይ ትንሽ ኦቨን አለኝ። ሊጡን በንጥር ቅቤ መሥራት እችላለሁ? በሐበሻ ዶሮስ ይሆናል? ደግሞ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ይበላሽብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ንጥር ቅቤ ለሊጡ አይሆንም። ሲነጠር ውሃው ሁሉ ተኖ አልቋል፣ ሊጡን የሚያነሣው ደግሞ ያ ውሃ ነው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ስብ ነው፣ ከቀረው አብዛኛው ውሃ። በንጥር ቅቤ ብትሠሪው የሚበላ ነገር ይወጣል፣ ግን ድርቅ ያለ ብስኩት ይሆናል እንጂ ንብርብር አይሠራም። የገበታ ቅቤ ከተወደደብሽ ግማሹን በረጋ ዘይት ተኪው። ንጥር ቅቤሽን ውስጡ ላይ ተጠቀሚበት! ሽንኩርቱን ስታለሰልሺ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከገበታው ቅቤ ጋር ብትጨምሪ ኮሰረቱና በሶብላው ነጩን መረቅ ያሳምረዋል። አሜሪካኖቹ አያውቁትም፣ እኔ ግን ያለሱ ይጎድለኛል። ሰለሪ ካጣሽ ባሮ ሽንኩርት ጥሩ ምትክ ነው።

የሐበሻ ዶሮ ይሆናል ብቻ ሳይሆን መረቁ ከማንም ይበልጣል። ጊዜ ነው የሚፈልገው። ለወጥ እንደምታደርጊው አትበልቺው፣ ሙሉውን በሽንኩርትና በካሮት ጣል አድርገሽ በዝግታ ቀቅዪው፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ሲላቀቅ አውጥተሽ ቦጫጭቂው። የፈረንጅ ዶሮ አንድ ሰዓት ቢበቃው የሐበሻው ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ የውጭ አገር አሠራር ላይ ለካሮት አሥር ደቂቃ ተብሎ ካየሽ አትመኚው፣ ሹካሽን እመኚ። ኦቨን ውስጥ ይበስላል ብለሽም አትተዪው። ኦቨኑን 200 ዲግሪ አድርጊ። ትንንሽ ኦቨኖች ላይ የላዩ እሳት ለምግቡ ስለሚቀርብ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊና ፎይል አዘጋጂ። መሐሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ በስሏል።

መብራቱን በተመለከተ፣ በሩን አትክፈቺ። ጥቅጥቅ ብሎ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት። ባዶ ቦታ ካለ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አድርገሽ፣ አፉ ላይ ትንሽ አጉድለሽ አስገቢ፤ በረዶ ሆኖ የቀረውን ያቀዘቅዝልሻል። መብራት ሲመጣ አንዱን ነክተሽ እዪ። ውስጡ ገና በረዶ ካለው መልሶ ቢቀዘቅዝ አይጎዳም፣ ሊጡ ትንሽ ይጎሳቆላል እንጂ። ቀልጦ ለብ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ይጣል፣ ዶሮና ወተት ያለበት ነገር ነው፣ ቢያሳዝንም ይጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። የልጅ ልጆቼን የማሳድገው እኔ ነኝ። ልጄ ዶሮ አይታጠብም፣ እዚህ አገር ክልክል ነው ትለኛለች። እኔ በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ ሳላጥብ ዶሮ አልሠራም። ማን ነው ልክ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ክልክል አይደለም፣ ምክር ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጥሬ ዶሮ በቧንቧ ሲታጠብ ውሃው ይረጫል፣ ዶሮው ላይ ያለውን ጀርም ሲንኩ ላይ፣ አጠገቡ ያለው ሰላጣ ላይ፣ ብርጭቆው ላይ ያደርሰዋል። ሎሚውና ጨው ሽታውን ያነሣሉ፣ ጀርሙን ግን አይገድሉትም፤ የሚገድለው እሳት ነው። እዚያ የሚሸጠው ዶሮ ደግሞ ላባው ተነቅሎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ታጥቦ ነው የሚመጣው፤ እኛ አገር ቤት ከነነፍሱ ገዝተን የምናጥበው ዓይነት አይደለም።

ግን እጅዎ ሳያጥብ አልሠራም ካለ፣ በቧንቧ አይሁን። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃና ሎሚ አድርገው፣ ሳይረጭ ቀስ ብለው ይጠቡት፣ አካባቢው ላይ ሌላ ምግብም ዕቃም አይኑር፣ ሲጨርሱ ሲንኩንና እጅዎን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ከዚህም የሚሻል አለ። ዶሮውን ውሃ ውስጥ ጥደው ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲፈላ ያንን ውሃ ይድፉትና በአዲስ ውሃ ይቀቅሉት። አረፋውም ሽታውም ይሄዳል፣ መረቁም ጥርት ይላል፣ ልጅዎም ምንም አይሉ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ ልጆቹ ግን ፓይ ለምደዋል። የጾም ማድረግ ይቻላል? (ከቶሮንቶ)

ጥያቄ፦ እኛ ሥጋና ወተት አንቀላቅልም። ያለ ቅቤና ያለ ወተት ይሆናል? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ሁለታችሁንም በአንድ ልመልስ፣ መንገዳችሁ ይቀራረባል።

ለነታንያዋ እህቴ፦ ዶሮው ይቆይ፣ ቅቤውን በፓርቬ (ሥጋም ወተትም በሌለበት) ማርጋሪን ወይም በዘይት ተኪው፣ ወተቱን ትተሽ በእሱ ቦታ መረቅ ጨምሪ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ መረቅ ካለሽ ወተቱ አይናፍቅሽም። ለላዩ እዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው በጼክ አሊም የሚባለው ንብርብር ሊጥ አብዛኛው ፓርቬ ነው፣ ካርቶኑ ላይ አረጋግጪ። ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ የነበረን ሊጥ መልሰሽ ለማቀዝቀዝ ግን ፍሪጅ ውስጥ ብቻ አለስልሺው፣ እንደተለሰለሰ ወዲያው ክደኚና መልሺው።

ለቶሮንቶዎቹ፦ ሊጡን በረጋ የአትክልት ዘይት ሥሩት፣ ፍሪጅ ውስጥ ጠንክሮ ይቆይ። ማርጋሪን ከሆነ ወተት የገባበት አለና ጀርባውን አንብቡ። ውስጡን በእንጉዳይና በተቀቀለ ሽንብራ ሥሩት። እንጉዳዩን ውሃው ሁሉ ደርቆ ቡናማ እስኪል ጥበሱት፤ ውሃው ውስጡ ከቀረ ፍሪዘር ሄዶ የሚመለሰው ያው ውሃ ነው። በአትክልት መረቅ አወፍሩ፣ ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት ጠንከር አድርጉበት። በእንቁላል ፋንታ ላዩን የአኩሪ አተር ወተት ቀቡት፣ በመጠኑ ይቀላል። የጾሙና የፍስኩ እንዳይደባለቅ ፎይሉ ላይ በትልቁ ጻፉ። ሌላም ልምከራችሁ። በቅበላ ሰሞን የተረፈውን ዶሮ ፓይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ለፋሲካ ማግስት ወጡ ሲሰለች ጣዕሙ ሳይጓደል ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ በዚህ ወር ትወልዳለች። ገንፎና አጥሚቱን እናቴ ይዛዋለች። እኔ ፓይ ሠርቼ ፍሪዘሯ ውስጥ ላስቀምጥላት አስቤ ነው፣ ለአራስ ይሆናል? (ከዳላስ)

መልስ፦ ጥሩ አስበሻል። አራሷ ገንፎዋንም አጥሚቷንም ትብላ፣ ፓዩ ግን ለባሏ፣ ለትልልቆቹ ልጆች፣ ለሚያድረው እንግዳ ነው፣ እሷም ካማራት ትብላ፣ በርበሬ የሌለው ለስላሳ ምግብ ነው። በትንንሹ አድርጊው፤ አራስ ቤት ሰው በየሰዓቱ ነው የሚበላው፣ አንድ ትልቅ ፓይ ተከፍቶ ከተተወ ይደርቃል። ከቤትሽ እሷ ቤት ስትወስጂ በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ የዳላስ ሙቀት በበጋ መኪና ውስጥ ለማንም አይራራም። አየሩ ከ90 ፋራናይት በላይ ሲሆን የሁለት ሰዓቱ ገደብ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል።

የሚጋግረው ባሏ ነው፣ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፣ ስለዚህ ደውሎ እንዳይጠይቅሽ እያንዳንዱ ፎይል ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ዶሮ ፓይ። አታቅልጠው። ፕላስቲኩን አውልቅ። መሐሉን በቢላ ሰንጥቅ። 400 ፋራናይት፣ አንድ ሰዓት። መሐሉ 165።» ቀኑንም ከሥር። እንቁላል መቀባቱን ተይው፣ ሳይቀባም ይበላል።